ጠበልና ዋራንቲ

የመኪና ብልሽት ሁሉ አንድ አይደለም። ሞተር ሲደክም ያጨሳል። ፍሬን ሲያልቅ ይጮኻል። ራዲያተር ሲያፈስ ከሥሩ ኩሬ ይሠራል። እነዚህ በዓይን የሚታዩ፣ በጆሮ የሚሰሙ ጨዋ ብልሽቶች ናቸው፤ ጎረቤት ጠርታችሁ ብታሳዩት ጎንበስ ብሎ ያይና «እውነትህን ነው፣ አልቆለታል» ይላል። የኤሌክትሪክ ብልሽት ግን ምስክር ባለበት አይገኝም። ብቻችሁን ስትሆኑ ይመጣል፤ ሰው ስትጠሩ ይሄዳል። ልትቀርጹት ስልካችሁን ስታወጡ ሁሉም ነገር ሰላም ይሆናል። ባለመኪናው ውሎ አድሮ ከመኪናው ይልቅ ራሱን መጠርጠር ይጀምራል። ሚስቱ ደግሞ ከእሱ ቀደም ብላ ጀምራለች።

እኛ ያለነው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። እዚህ የኛ ሰው መኪና ሊገዛ ማሰቡ ከተሰማ ምክር ፍለጋ መውጣት የለበትም፤ ምክሩ ራሱ ቤቱ ድረስ ይመጣል። ምክሩም አንድ ነው፤ ቶዮታ ግዛ። ለምን ቢባል፣ አይበላሽም፤ ቢበላሽም ማንም ይሠራዋል፤ ልሽጠው ብትል አትከስርም። ይህን የሚመክሩኝ ሰዎች አዲስ አበባ እያሉ ከኮሮላ ሌላ መኪና መኖሩን በወሬ ብቻ የሚያውቁ ነበሩ። እኔ ግን ለዓመታት የሰው እጅ ያለፈበት ቶዮታ ስነዳ ኖሬ ስለነበር፣ አሁንስ አዲስ ነገር ልይ ብዬ ሌላ ገዛሁ። ስሟን አልጠራም። ዋራንቲዋ ገና አላለቀም።

አዲስ መኪና የገዛ ሰው ያውቀዋል፤ ሻጩ ከሰዓት በላይ አስቀምጦ መኪናዋ እንዴት እንደማትበላሽ ሲነግራችሁ ይቆይና፣ እጃችሁን ጨብጦ አጠገቡ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ያስገባችኋል። እዚያ ያለው ሰውዬ ደግሞ ስትበላሽ ስንት ሺሕ ዶላር እንደምታስወጣችሁ ይነግራችኋል። ተጨማሪ ዋራንቲ የሚሸጠው እሱ ነው። ሁለቱ ሰዎች ምሳ አብረው ሲበሉ ምን እንደሚያወሩ ለማወቅ ብዙ ጊዜ ጓጉቻለሁ። ለማንኛውም ከፋብሪካ የሚመጣው ዋራንቲ በብዙዎቹ መኪኖች ላይ 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል ነው፤ ከሁለቱ የቀደመው። «የቀደመው» የምትለዋ ቃል የተጻፈችው ለኡበር ነጂዎች ይመስለኛል። አንድ ወዳጄ 36,000 ማይሉን የጨረሰው መኪናው የመጀመሪያ ልደቷን ሳታከብር ነው።

የኔዋ ጣጣ የጀመረው ሌሊት ነው። ጠዋት ስወጣ አራቱም መስታወቶች ወርደው አድረዋል። ቀን ዝናብ ነበር፤ ሌሊቱን ግን አባርቷል፤ ስለዚህ ማን እንዳወረዳቸው ብቻ ነበር ጥያቄው። ባለቤቴ «ረስተህ ነው» አለች። በሌላ ቀን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማንም ሳይነካት ክላክሷን ለቀቀችው። የአፓርታማው ሰው ሁሉ በየበረንዳው ወጥቶ የማን እንደሆነች ሲፈልግ፣ እኔም ከሰው ጋር አብሬ ፈለግሁ። ከዚያ ቅዳሜና እሑድ ቆማ ሰኞ ጠዋት አልነሳ ማለት አመጣች። ከጎረቤት መኪና በኬብል ስናስነሳት ወዲያው እሺ ትላለች፤ ቀኑን ሙሉም ምንም አትሆንም። አንዴ ደግሞ 395 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ በሙሉ ፍጥነት ስሄድ ዳሽቦርዱ ላይ ያለ መብራት በሙሉ ቦግ አለ፤ የፍሬኑ፣ የኤርባጉ፣ የመሪው፣ ምን እንደሆነ የማላውቀው ቢጫ ምልክት ሳይቀር። ፍሬቻ አሳይቼ ወደ ዳር ወጥቼ አጥፍቼ ሳስነሳት አንዱም የለም። ሁሉም ጠፍቷል።

እንግዲህ ወደ ዲለሩ ተወሰደች። ጋራዥ ስል የማውቀው ሌላ ነገር ነበር። አዲስ አበባ መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ አንገቱን ሲቀብር ባለመኪናውም አጠገቡ ቆሞ ያያል፤ ረዳቱ መፍቻ ያቀብላል፤ ሲጋራ ሊለኩስ የቆመ መንገደኛ ሳይቀር «ዲናሞው ነው» ብሎ ያልፋል። እዚህ ግን ቁልፍ ሰጥታችሁ መጠበቂያ ክፍል ትቀመጣላችሁ። ነጻ ቡና አለ፤ ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን አለ፤ መስታወት አለ፣ ከመስታወቱ ወዲያ ደግሞ የሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች። መኪናችሁን የሚሠራውን ሰው አታገኙትም። የምታገኙት ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ታብሌት የያዘ፣ ስማችሁን አንደኛውን ፊደል ከሁለተኛው እያጋጨ የሚጠራ ትሑት ልጅ ነው። እሱ እናንተ ያላችሁትን ይጽፋል፤ ጀርባ ያለው ቴክኒሻን ደግሞ የተጻፈውን ያነባል። እናንተና መኪናችሁን የሚፈታው ሰው በደብዳቤ ነው የምትገናኙት።

የሚጻፍበትም ወረቀት ወግ አለው። ቅሬታ፣ ምክንያት፣ የተደረገ ጥገና፤ ሦስት ነገር ነው የሚጻፈው። ቅሬታው ሁልጊዜ የሚጀምረው «ደንበኛው እንደሚለው» ተብሎ ነው። «ደንበኛው እንደሚለው፣ መስታወቶቹ ሌሊት በራሳቸው ይወርዳሉ።» ሳነበው ራሴም አላመንኩትም። ፖሊስ ጣቢያ የቀረበ ቃል ይመስላል፤ «እንደሚለው» የምትለዋ ብቻ ጥርጣሬውን ትጨርሰዋለች። ሁለተኛው መስመር ላይ ደግሞ፣ ምክንያት፦ ችግሩ አልታየም። ሦስተኛው ላይ፣ የተደረገ ጥገና፦ የለም፤ መኪናው በተሠራበት ሁኔታ በአግባቡ ይሠራል።

በአግባቡ ይሠራል! የዲለር ቋንቋ የገባው ሰው እዚህ ላይ ያዝናል። እነሱ ኮምፒውተራቸውን ይሰካሉ፤ ኮምፒውተሩ ኮድ ካላስቀመጠ መኪናው ጤነኛ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ ተራ መኪና ሁሉ መመርመሪያ ገመድ የሚሰካበት አንድ ዓይነት ሶኬት ከመሪው ሥር እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል፤ መልካም ሕግ ነው። ግን ሶኬቱ በዋነኛነት የታሰበው ለጭስ ነው፤ የሞተሩን ጭስ የሚያበላሽ ነገር ካለ እንዲናገር። መስታወቴ ሌሊት ለምን እንደሚወርድ የመናገር ግዴታ የለበትም። በዚያ ላይ ሰው ያየውንና ማሽን ያልመዘገበውን ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው፣ ዲለር ቤት ምስክርነቱ የሚጸናው የማሽኑ ነው።

እዚህ ላይ ባለቤቴን ማመስገን አለብኝ። ነርስ ናት። እሷ በምትሠራበት ሆስፒታል ያልተጻፈ ነገር አልተደረገም፤ መድኃኒቱን በእጅሽ ሰጥተሽ እንኳ ካልመዘገብሽ አልሰጠሽም ነው ሕጉ። ስለዚህ «ረስተህ ነው» ማለቷን ሳትተው አንድ ሰማያዊ አቃፊ ገዝታ መጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዲለሩ ያለ ወረቀት መመለስ ክልክል ሆነ። ቴክኒሻኑ ምንም ባያገኝም፣ ምንም አለማግኘቱ ተጽፎ ቀኑና ማይሉ ሰፍሮ መምጣት አለበት።

ይህ ነገር ለኛ ሰው ይከብዳል። ይሉኝታ አለብን። ልጁ ፈገግ ብሎ «ወረቀት አያስፈልገውም፣ እኔ ቶሎ አሳይልሃለሁ» ሲል፣ ውለታ የዋለልን ነው የሚመስለን። ያ የኡበር ወዳጄ ስንት ጊዜ እንዲህ እየተባለ ሲመላለስ ከርሞ፣ በመጨረሻ መኪናው ላይ መብት አለኝ ሲል «መዝገባችን ላይ የመጣኸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው» ተባለ። ልጁ አልዋሸም። መዝገቡ ላይ ያለው አንድ ነው።

ዲለሩ መኪናዬ ደህና ናት እያለ ሲመልሰኝ አሌክሳንድሪያ ወዳለ አንድ የኛ ሰው ጋራዥ ሄድኩ። ጋሼ እንለዋለን፤ አዲስ አበባ በወጣትነቱ ከጣሊያን ቃል ጋር ሙያ የተማረ ሰው ነው። ፊውዝ አይልም፤ ቫልቮላ ነው። ስታርተር አይልም፤ ሞተሪኖ ነው። ነገር ግን የእነዚህን አዳዲስ መኪኖች አንጀት የሚያውቀውን ያህል ብዙ ሰው አያውቅም። የነገርኩትን ሁሉ ሳያቋርጥ ሰማኝና፣

«አንተ ልጅ» አለኝ፣ «ድሮ መስታወት የሚያወርደው ማብሪያው ነበር። ሽቦ ከባትሪ ወደ ማብሪያ፣ ከማብሪያ ወደ ሞተሩ፤ አለቀ። የዛሬው ማብሪያ ግን አያወርድም፤ ያመለክታል። ቀበሌ ገብተህ ማመልከቻ እንደምትሰጠው ነው። ማብሪያው ለኮምፒውተሩ ያመለክታል፤ ኮምፒውተሩ መርምሮ በሩ ውስጥ ላለው ኮምፒውተር ይጽፋል፤ የበሩ ኮምፒውተር ‹እንዲፈጸም› ብሎ ሞተሩን ያዛል። አሁን መሐል ላይ አንድ ጸሐፊ ቢሰክር፣ ያልጠየቅኸው መሬት በስምህ ይመራልሃል።»

ጸሐፊዎቹ የሚጻጻፉበት መንገድ ሁለት የተጠማዘዙ ቀጫጭን ሽቦዎች ናቸው። ይህን አሠራር የጀርመኑ ቦሽ ነው ያወጣው፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ዲትሮይት ላይ ለባለሙያዎች አስተዋወቀው። ሐሳቡ ለቁጠባ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ማብሪያ የራሱን ሽቦ ከመዘርጋት ሁሉም በአንድ መስመር ይነጋገር። እንዲያም ሆኖ ዛሬ አንድ መኪና ውስጥ ያለው ሽቦ ቢዘረጋ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ኮምፒውተሮቹም በአሥሮች ይቆጠራሉ። መኪናው ሲቆለፍ ሁሉም ተራ በተራ ይተኛሉ። የተኙ ለት ከባትሪው የሚሳበው ኤሌክትሪክ ከ50 ሚሊአምፒር ማለፍ የለበትም። አንዱ ካልተኛ ግን ሌሎቹን ሲቀሰቅስ ያድራል፤ ጠዋት ላይ ባትሪው ባዶ ነው።

የጋሼን ሥራ ቆሜ አይቼዋለሁ፤ እዚያ ጋራዥ መስታወት የለም። የባትሪውን ነጌቲቭ ፈትቶ መሐል ላይ መለኪያውን አስገባ። የሾፌሩን በር ክፍት አድርጎ የበሩን መቆለፊያ ግን በካቻቢቴ ገፍቶ ዘጋው፤ መኪናዋ በሩ የተዘጋ መስሏት እንድትተኛ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «አርባ ደቂቃ» አለ። «የሚቸኩል ሰው ይህን ሥራ አይሠራም፤ ዲለሩ የሚከፈለው ለየሥራው በተተመነ ሰዓት ነው፣ ማን ተቀምጦ መኪና ያስተኛል?» ሻይ መጣ። መለኪያው ላይ ያለው ቁጥር ሲወርድ፣ ሲወርድ ቆይቶ ዜሮ ነጥብ አራት አምፒር ላይ ቆመ። መሆን ከሚገባው ቢያንስ ስምንት እጥፍ ነው። እንዲህ ከሆነ ደህና ባትሪ እንኳ በጥቂት ቀን ያልቃል።

የኔ ግምት ቫልቮላዎቹን አንድ በአንድ እየነቀለ ይፈልጋል የሚል ነበር። ሳቀብኝ። «ያ ድሮ ቀረ፤ አሁን አንዱን ስትነቅል ሁሉም ይባንናሉ። እንደገና አርባ ደቂቃ።» ሳይነቅል በእያንዳንዱ ቫልቮላ ራስ ላይ ሁለቱን መርፌዎች እያስነካ ሚሊቮልት ለካ። ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት ላይ ጥቂት ቁጥር ይታያል፤ በማያልፍበት ዜሮ ነው። አንዱ ላይ ቁጥር ታየ። መስመሩን ተከትሎ ከተሳፋሪው እግር በኩል ያለውን ፕላስቲክ ገልጦ የምንጣፉን ጫፍ አነሣና እጄን ይዞ ከሥር አስነካኝ። እርጥብ። ምንጣፉ ከላይ ደረቅ ነው፤ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ግን ውሃ ጠጥቷል። ከበላዩ ያለችውን ጥቁር ሣጥን ሶኬት ነቅሎ አሳየኝ፤ ከመዳብ እግሮቿ አንዱ አረንጓዴ ዱቄት አብቅሏል።

«ይኸውልህ ሰካራሙ ጸሐፊ። እኔ ግን አልነካውም። ዋራንቲ አለህ፤ ሄደህ ስጣቸው።»

እዚህ ላይ እናቴን ማስገባት ግድ ነው። እማዬ ልጆቹን ልታይ በበጋው ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። መኪናዋ ስታስቸግረን ስታይ ምርመራዋን ጨረሰች፤ ዓይን ነው። «‹እንዴት ታምራለች!› ያለችው ማን ነበረች?» አለች። የማኅበራችን አንዷ ሴትዮ ነበረች። «በቃ!» ከዚያ ሻንጣዋን ከፍታ በበርበሬውና በሽሮው መሐል በፌስታል ሁለት ጊዜ የታሠረ ሃይላንድ አወጣች። የእንጦጦ ጠበል ነው። ሥጋ ለባሽ እንጂ መኪና ተጠምቆ ያውቃል ወይ ብዬ ስጠይቃት «ብረት አይደለች? ከአንተ በምን ታንሳለች?» አለችኝ። መሪዋ ላይ፣ ዳሽቦርዷ ላይ፣ ወንበሮቿ ላይ በስመ አብ እያለች ረጨች። ለእውነት ያህል፣ የረጨችው በጣም ጥቂት ነው። ጠበሉ ለሌላም ሰው ቃል ተገብቶበት ነበር።

እና ወደ ዲለሩ ስንሄድ እማዬም አብራኝ ነበረች። ልጁ ወደ ውስጥ ገብቶ ሲመለስ ፊቱ ቁም ነገር ለብሷል። ታብሌቱ ላይ ፎቶ አለ፤ ያቺ ጥቁር ሣጥን፣ ያ አረንጓዴ ዱቄት። «ፈሳሽ ገብቶባታል» አለ። «ይህ የውጭ ምክንያት ነው፤ ዋራንቲ አይሸፍነውም። መኪናው ውስጥ የፈሰሰ ውሃ አለ?»

እኔ አፌን ሳልከፍት እማዬ «ዋተር» የምትለዋን ከመሐል ነጥላ ያዘቻት። ዓመት ሙሉ የፈለገችው ጥያቄ የተጠየቀች ያህል ፊቷ በራ።

«ዋተር! የስ! የስ! ሆሊ ዋተር!» በእጇም እንዴት እንደረጨች አሳየችው፤ ወደ መሪው፣ ወደ ዳሽቦርዱ።

ልጁ እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ጨዋ ልጅ ነው፤ አልሳቀም። ግን ጻፈ። ወረቀቱ አሁንም አቃፊው ውስጥ አለ፦ «ደንበኛው እንደሚለው» ተብሎ የተጀመረው ላይ «የደንበኛው እናት እንደሚሉት፣ የተቀደሰ ውሃ በውስጥ ክፍል ተረጭቷል።» ምክንያት፦ ፈሳሽ። ዋራንቲ፦ አይመለከተውም። ከሥሩ የሣጥኗና የሥራው ዋጋ ተጽፏል። ቁጥሩን እዚህ አልደግመውም፤ እማዬ ወደ ብር መንዝራው ለሁለት ቀን ምግብ አልበላላት ብሎ ነበር።

የሆነው ሆኖ የተጻፈ ነገር ለሁለቱም ወገን ነው የሚያገለግለው። ማታ ባለቤቴ ሰማያዊውን አቃፊ ከፈተች። የመጀመሪያው ወረቀት፣ ያ ሌሊት የወረዱት መስታወቶች የተመዘገቡበት፣ ቀኑ የፀደይ ነው። የእማዬ ፓስፖርት ላይ ደለስ ኤርፖርት የተመታው ማኅተም ደግሞ የበጋ። ጠበሉ አገር ውስጥ ሳይገባ በሽታው ነበር ማለት ነው። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጣ ፎቶ አነሣች፤ «ጠበሉ ነጻ ወጣ» አለች። እማዬ መጀመሪያውኑ መከሰሱን አታውቅም ነበርና አልነገርናትም።

ግን ውሃው ከየት መጣ? ጋሼ ጋ ተመለስን። ሰንሩፏን ከፈተና አንድ የሻይ ብርጭቆ ውሃ ቀስ አድርጎ ጠርዟ ላይ ወዳለው ቦይ አፈሰሰ። ሰንሩፍ ዝናብን ሙሉ በሙሉ አይከለክልም፤ የሚገባውን ውሃ በየማዕዘኑ ባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች በምሰሶዎቹ ውስጥ አሳልፎ ከመኪናው ሥር ይጥለዋል። ጎንበስ ብለን ከሥር ጠበቅን። በግራ በኩል ጠብ አለ። በቀኝ በኩል ምንም። ጥቂት ቆይቶ ውስጥ፣ ከተሳፋሪው እግር በኩል፣ ጠብ። ቱቦው ከመገጣጠሚያው ወልቋል። ዝናብ በጣለ ቁጥር ሣጥኗ ትጠመቃለች።

ጋሼ ሌላም ነገር ነገረን። ኩባንያዎች በአንድ ሞዴል ላይ የሚደጋገም ችግር ሲያዩ ለዲለሮቻቸው እንዴት እንደሚጠገን የሚያስረዳ የቴክኒክ ማስታወቂያ ይጽፋሉ። ሪኮል አይደለም፤ ለባለመኪናው ደብዳቤ አይላክም። ግን ኩባንያው ግልባጩን ለመንግሥት የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ማስገባት አለበት፤ መሥሪያ ቤቱም ድረ ገጹ ላይ ያወጣዋል፤ የመኪናውን ዓይነትና ዓመት ያስገባ ሰው ሁሉ ማየት ይችላል። ባለቤቴ ከሥራ በኋላ ተቀምጣ ፈለገች። ነበረ። የኔው ሞዴል፣ የኔው ዓመት፣ የሰንሩፉ ቀኝ ቱቦ፣ ሥዕሉ ሳይቀር። ዲለሩ እኔን «ውሃ አፍስሰሃል?» እያለ ሲጠይቅ፣ ውሃው በየት እንደሚገባ የሚያሳየው ሥዕል በራሱ ኮምፒውተር ውስጥ ነበር። አንድ ልጅ ሁሉንም ማስታወቂያ ያንብብ አልልም፤ ግን ከመጠየቁ በፊት ቢያየው ምን ነበረበት?

ከዚያ ወዲያ ያለው የሕግ ነገር ነው፤ ሕጉን ደግሞ ባለቤቴ ነች ያጠናችው። ዋራንቲን የሚገዛው የፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ ነው፤ ማግነሰን-ሞስ ይሉታል። የፈረሙት ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ናቸው፤ ከመኪናው ጋር ዝምድና የላቸውም። ከዚህ ሕግ ለኛ የጠቀመን፣ ሌላ ጋራዥ ገብተሃል ተብሎ ብቻ ዋራንቲ እንደማይሰረዝ ነው። «ሌላ ሰው ነክቶታል» የምትለዋን አባባል ዲለሩ ጀምሯት ነበር፤ ባለቤቴ የሕጉን ስም ስትጠራ አልጨረሳትም። ከዚህ ሌላ ደግሞ እያንዳንዱ ስቴት አልሠራ ላለ መኪና የሚያገለግል የራሱ ሌመን ሎው አለው፤ መጀመሪያ ያወጣችው ኮነቲከት ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1982። በቨርጂኒያው መሠረት፣ መኪናውን በተረከባችሁ በ18 ወር ውስጥ ለአንድ ዓይነት ብልሽት ሦስት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ገብቶ ካልተሠራ፣ ወይም ለጥገና በድምሩ 30 ቀን ከቆመ፣ ኩባንያው ሊያስተካክለው አልቻለም ተብሎ ይገመታል፤ ሕይወት የሚያሰጋ ብልሽት ከሆነ አንድ ጊዜም ይበቃል። ያን ጊዜ መኪና መለወጥ ወይም ገንዘብ መመለስ ይመጣል። የሚቆጠረው ግን በወረቀት ነው። እኛ ስንት ላይ እንደደረስን ባለቤቴ ታውቃለች።

ፍርድ ቤት ሳይኬድ ሽምግልናም አለ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቢቢቢ አውቶ ላይን በሚባለው በኩል ሞክሮታል። ለባለመኪናው ነጻ ነው፤ ውሳኔው በ40 ቀን ውስጥ ይሰጣል ይባላል። ደስ የሚለው፣ ባለመኪናው ውሳኔውን ከተቀበለ ኩባንያው ይገደዳል፤ ባለመኪናው ካልተቀበለ ግን አይገደድም። በኛ አገር ሽምግልና እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር ባልና ሚስት የሚያስታርቅ ሰው ይጠፋ ነበር። ባልደረባዬን ቅር ያሰኘው ሌላ ነው፤ ሽማግሌው በስልክ ነው የዳኙት። ቡና የለም፣ «እስቲ ተነሡና ተሳሳሙ» የለም። አሸንፎም እንኳ ነገሩ ያለቀ አልመስለው ብሎ ነበር።

እኛ እዚያ አልደረስንም። ባለቤቴ ለኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፈች፤ አቃፊውን በሙሉ አባሪ አድርጋ፣ በአደራ ፖስታ። የማኅተሙን ፎቶም አስገባች። መልሱ የመጣው በስልክ ነው፤ እጅግ ትሑት የሆነች ሴት። ቱቦው ይገጠማል፣ ሣጥኗ ትለወጣለች፣ ምንጣፉ ከነስፖንጁ ይቀየራል፣ አንድ ሳንቲም አትከፍሉም። ግን ይህ የሚደረገው ግዴታ ስላለብን ሳይሆን «በበጎ ፈቃድ» ነው አለች። የመጨረሻው ወረቀት ላይም እንዲሁ ነው የተጻፈው። የራሴን ዋራንቲ ተመጽውቼ ተቀበልኩ። ባለቤቴ ቃሉ ይለወጥ ብላ ልትከራከር ነበር፤ እኔ ነኝ በቃ ያልኳት። እሷ ያንን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችኝም።

መኪናዋን ልንረከብ ስንሄድ እማዬ አሁንም አብራን ነበረች። ልጁ ለእሷ ለብቻዋ የቀዘቀዘ ውሃ ይዞላት መጣ። ጠርሙሱን ሲሰጣት ትንሽ ያመነታ መሰለኝ፤ ይሁን እንጂ ሰጣት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከኩባንያው መጠይቅ እንደሚላክልኝ፣ አገልግሎታቸውን ከአንድ እስከ አሥር እንደምሰጥ፣ ከአሥር በታች ያለው ሁሉ ለእሱ እንደ መውደቅ እንደሚቆጠርበት ነገረኝ። መጠይቁ ገና ከግቢው ሳንወጣ ስልኬ ላይ ደረሰ።

«ምንድነው የሚለው?» አለች እማዬ ከኋላ ወንበር። ነገርኳት።

«ስንት ልትሰጠው ነው?»

ባለቤቴ «ዜሮ» አለች።

«ይሄ ልጅ እኮ ተላላኪ ነው» አለች እማዬ። «የበደለን አለቃው ነው። እንጀራው ነው ልጄ፣ አሥር ስጠው።»

መጠይቁን ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ ለልጁና ለአለቃው ለየብቻ የሚሰጥበት ቦታ የለውም። አሥር ሰጠሁ። ከሥሩ «ብናሻሽለው የምትሉት ነገር ካለ» የሚል ባዶ ሣጥን ነበረ። ስልኩን ለባለቤቴ አቀበልኳት፤ ቤት እስክንደርስ ስትጽፍ ነበር።